የልጁን ቃል ተቀበሉት

ልጆች በእጃችሁ ያሉ ሁሉ፣ ወላጅም ሁኑ መምህር፣ የሰፈር ፕሮጀክት አሰልጣኝም ሁኑ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የመድረሳ ኃላፊ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከልጆች ታዛዥነት ስንጠይቅ ኖረናል፤ ቃል ግን አንቀበላቸውም። «እሺ በል» ማለት እናውቅበታለን። «አንተ ራስህ ምን ልታደርግ አስበሃል? እስከ መቼ? መፈጸምህንስ ማን ይይልህ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከአፋችን አይወጣም። ይህ ጥያቄ ልጅን እንዴት እንደሚያበረታ በአንድ አሜሪካዊ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ሥራ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ምክሬንም በእሳቸው ታሪክ በኩል ላድርሰው።

ቦብ ላዱሰር ይባላሉ። በወጣትነታቸው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነበሩ፤ በዩታ ዩኒቨርሲቲና በሳን ሆዜ ስቴት ተጫውተዋል። በኮሌጅ የተጫወተ ሁሉ ፕሮፌሽናል አይሆንም፤ አብዛኛው የመጨረሻ ጨዋታውን ተጫውቶ ጫማውን ይሰቅልና ወደ ሌላ ኑሮ ይገባል። ላዱሰርም እንደዚያው ሆኑ። ከሕግ ጋር የተጋጩ ታዳጊዎችን በሚከታተል ሥራ ላይ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ከኦክላንድ በስተምሥራቅ፣ ኮንኮርድ በምትባል ከተማ የሚገኘው ደ ላ ሳል የተባለ የካቶሊክ የወንዶች ትምህርት ቤት ቡድኑን እንዲይዙለት ቀጠራቸው። ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበሩ። ቡድኑ ድሉ ከሽንፈቱ የበለጠበትን አንድም ዓመት አይቶ አያውቅም ነበር።

እዚያው 34 የውድድር ዘመን ቆዩ። ከ2012ቱ ውድድር በኋላ ሲያበቁ 399 ጊዜ አሸንፈው፣ 25 ጊዜ ተሸንፈው፣ 3 ጊዜ አቻ ወጥተዋል። ከ1992 እስከ 2003 ድረስ ደግሞ ቡድናቸው 151 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ ከዚያ በፊት ክብረ ወሰኑ በሚሺጋን የሚገኘው ሀድሰን የተባለ ትምህርት ቤት የያዘው 72 ነበር። ታሪኩ መጽሐፍ ተጻፈበት፣ በ2014ም ፊልም ተሠራበት። ቁጥሩን የሚያደንቅ ሰው ሞልቷል። እኔ የምለምናችሁ ግን ሐሙስ ማታ የሚሆነውን እንድታዩልኝ ነው።

የትምህርት ቤት ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ማታ ስለሆነ ሐሙስ ዋዜማ ነው። ልጆቹ ከአንዳቸው ቤት ተሰብስበው ራት ይበላሉ። ከራት በኋላ ሁሉም ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ በየእጃቸው መዳፍ የምታህል ካርድ አለች። ካርዷ ላይ የጻፈው አሰልጣኙ አይደለም፤ ልጁ ራሱ ነው። አንድ ግብ ለልምምድ፣ አንድ ግብ ክብደት ለሚነሳበት ክፍል፣ አንድ ግብ ለጨዋታው። ተራው የደረሰ ይነሳና በጓደኞቹ ፊት ጮክ ብሎ ያነባታል። ከዚያ ካርዷን ኪሱ አይከታትም፤ ለአንድ የቡድን ጓደኛው ያስረክባታል። ያ ጓደኛ ሳምንቱን ሙሉ ያየዋል፤ ሲያበቃም ፈጽመሃል ወይም አልፈጸምክም ይለዋል። ላዱሰርና የረጅም ጊዜ ረዳታቸው ቴሪ አይድሰን ቡድኑን ያቆሙት በዚች ካርድ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እስቲ ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ልጁ «ጎበዝ ተጫዋች እሆናለሁ» ብሎ ቢጽፍ ጓደኛው ምን ብሎ ይፈርዳል? ስለዚህ የሚታይ፣ የሚቆጠር ነገር መጻፍ አለበት። ባለፈው ሳምንት ያነሳውን ክብደት ያውቃል፤ በዚህ ሳምንት ስንት እንደሚጨምር ራሱ ይወስናል። በልምምድ ላይ የትኛው እግሩ እንደሚዘገይ ያውቃል፤ እሱን እንደሚያስተካክል ይጽፋል። ልጁ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ድካሙን ራሱ መመርመርን፣ አቅሙን መለካትን፣ ከአቅሙ በታችም በላይም ቃል አለመስጠትን ተማረ ማለት ነው። ይህን ትምህርት ብዙዎቻችን በአርባ ዓመታችንም አልጨረስነውም።

ደግሞ ካርዷ የምትሄደው ወደ ጓደኛ ነው። አሰልጣኝ ከላይ ሆኖ የሚቆጣጠረው ልጅ አሰልጣኙ ጀርባውን ሲያዞር ይለግማል፤ ይህን ሁላችንም ከተማሪነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ጓደኛ ግን አብሮ ይሮጣል፣ አብሮ ያልበዋል፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ አጠገቡ ይቀመጣል። ከእሱ የሚሸሸግ ነገር የለም። በአገራችን አንድ ሰው የከበደ ቃል ሲገባ ዋስ ይጠራል፤ ያቺን ካርድ የተቀበለ ልጅ የጓደኛው ዋስ ሆነ ማለት ነው። ዋስ የሆነ ሰው ደግሞ ራሱም ይታረማል፤ የሌላውን ቃል በእጁ ይዞ የራሱን ማፍረስ ያሳፍረዋል።

የደ ላ ሳል ልጆች ወደ ሜዳ የሚገቡት ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው። በእኛ አገር ወንዶች ልጆች ተያይዘው መሄዳቸው ማንንም አይደንቅም። በአሜሪካ፣ ያውም ሰው ከሰው ጋር በሚጋጭበት በዚያ ኃይለኛ ጨዋታ ሜዳ ላይ፣ ጎረምሶች እጅ ለእጅ ሲያያዙ ማየት ግን አስገራሚ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ ሐሙስ በኋላ እንዲያ መግባታቸው እኔን አይገርመኝም፤ አንዱ የሌላውን ቃል ይዞ ነው የሚገባው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጨዋታው የሚጀመረው በአሜሪካ የበጋ ማብቂያ፣ በነሐሴና በመስከረም አካባቢ ነው። የእነዚህ ልጆች ዝግጅት ግን ከጥር ይጀምራል። በእነዚያ ወራት ሁሉ ተመልካች የለም፣ ጭብጨባ የለም፣ ስም የሚጠራ ጋዜጣ የለም። ብዙ ጊዜ በአካል ከተጋጣሚዎቻቸው ያነሱ ነበሩ፤ ይበልጧቸው የነበረው ኳሷ ስትነሳ በሚረግጡት በመጀመሪያዋ እርምጃ ፍጥነት ነው። ያቺን እርምጃ በባዶ ሜዳ ሺህ ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። ማንም በማያይበት ቦታ የሚሠራ ሥራ በቃል ካልታሰረ በምን ይታሰራል?

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ። አባቶቻችን «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። ከባድ አነጋገር ነው፤ ቃል በዚህ አገር ምን ያህል ይከበር እንደነበር ግን ይናገራል። ይህን ክብር ለልጆቻችን አላወረስናቸውም። ስለ ልጅ ስናወራ የምናነሳው ሌላውን ተረት ነው፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም»። ልጅ «ዛሬ ሁለት ሰዓት አጠናለሁ» ሲል ፈገግ ብለን እናልፈዋለን። ባያጠና አንገረምም፤ ቢያጠናም ማጥናቱን እንጂ ቃሉን መጠበቁን አናመሰግንም። ከዚያ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶት ቀጠሮ ሲያፈርስ፣ ብድር ሲክድ፣ ትዳር ውስጥ ቃሉ ሲልፈሰፈስ «ምን ነካው?» እንላለን። ቃሉን ቁም ነገር ብሎ የተቀበለው ሰው መቼ ነበረውና!

ለታዳጊ አሰልጣኞች ለብቻችሁ የምለው አለኝ። በየሰፈሩ፣ በየወረዳው አቧራ ሜዳ ላይ ከእጃችሁ ላይ አውጥታችሁ ኳስ እየገዛችሁ ልጆች የምታሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ድካማችሁን አከብራለሁ። ነገር ግን ከመካከላችን የልጅን ዕድሜ ቀንሶ የሚያስመዘግብ አለ። ልጁን «ስትጠየቅ እንዲህ በል» ብሎ የሚያስጠና አለ። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማየት የጀመረው ይህ በሽታ በብዙ አገር ስለተስፋፋ ነው። መሣሪያው የሚይዘው ጥቂቱን ነው። የበለጠው ጉዳት የሚደርሰው መሣሪያው ከማይደርስበት ሰፈር ነው፤ ልጁ የሚያምነው ትልቅ ሰው አፉን ይዞ ውሸት አስለመደው። እንዲህ የጀመረ ተጫዋች ነገ ጨዋታ ቢሸጥ፣ ክለቡን ቢከዳ፣ ልምምድ ላይ ቢለግም በምን አፋችን እንወቅሰዋለን? ዋንጫው ይቅርባችሁ። የልጁን ትክክለኛ ዕድሜ ጻፉ፤ ቢሸነፍም በገዛ ስሙና በገዛ ዕድሜው ይሸነፍ።

ስድቡንም ተዉት። «ደደብ»፣ «ሬሳ»፣ «እግርህን ቁረጠው» እየተባለ የሚያድግ ልጅ ለጊዜው ይሮጥላችኋል፤ የሚሮጠው ግን ከእናንተ ነው። ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ውሰዱና እያንዳንዱ ዛሬ የሚያስተካክላትን አንዲት ነገር ለጓደኛው ይንገር። ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጠውም ልጅ ይናገር፤ እሱን ነው አብዝታችሁ የምትጠይቁት። ቋሚ ተሰላፊውን ሜዳው ራሱ ያበረታዋል፤ ተቀያሪው ግን የሚይዘው ነገር ከሌለው ቀስ ብሎ ይጠፋል፣ መጥፋቱንም ማንም ልብ አይለውም።

ኳስ ተጫውታችሁ ላበቃችሁ፣ ሮጣችሁ ለጨረሳችሁ ደግሞ ይህን እላለሁ። በኮሌጅ ወይም በክለብ ያሳለፋችሁት ዘመን ለወሬ ብቻ አይሁን። ላዱሰር ስሙ የገነነ ተጫዋች ስላልነበሩ የሚሰጡት ነገር አላጡም፤ ሲደክም የኖረ ሰው ድካምን ያውቃል፣ ያንን ይሰጣል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሃይማኖትም ያስተምሩ ነበር፤ ልጆቹ በክፍልም በሜዳም የሚያዩት አንድ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ሲፈልጓቸውም ጥለው አልሄዱም። በእኛም አገር በቆጂ ላይ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ እነ ቀነኒሳ በቀለን፣ እነ ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው አግኝተው መንገድ ያስያዙት እዚያችው ከተማ ውስጥ ተቀምጠው ነው። ለልጅ ትልቁ ቃል ኪዳን በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው መገኘት ነው። በየስድስት ወሩ አሰልጣኝ የሚቀያየርበት ልጅ ለማን ቃል ይግባ? ቢገባስ ማን ቆሞ ይጠይቀዋል?

ከአገር ውጭ ልጅ ለምታሳድጉ ወላጆች የምለው ትንሽ ይለያል። በካሊፎርኒያው ቤይ ኤሪያም ሆነ በዋሽንግተን ዙሪያ ልጃችሁ አንድ ቀን የፉትቦል ፈቃድ ወረቀት ይዞ «ፈርሙልኝ» ይላችኋል። ጨዋታውን አታውቁትም፤ ግጭቱን በቴሌቪዥን አይታችሁ ፈርታችኋል። ፍርሃታችሁ ተገቢ ነው፤ የጭንቅላት ጉዳት ቀልድ አይደለም። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሙሉ ግጭት ያለበት ልምምድ በውድድር ወቅት በሳምንት ከሁለት ቀን፣ በቀንም ከ90 ደቂቃ እንዳይበልጥ ሕግ ወጥቷል። በየግዛቱ ሕጉ ስለሚለያይ አሰልጣኙን ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ልጁ ጭንቅላቱን ሲመታ ማን እንደሚያየው፣ ወደ ሜዳ ማን እንደሚመልሰው ይንገራችሁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። እንግሊዝኛችሁ አልሞላ ቢል ልጁ ያስተርጉም፤ አባቱ ወይም እናቱ ስለ እሱ ተከራክረው ሲጠይቁ ማየቱ ራሱ ይጠቅመዋል።

ፈረማችሁም አልፈረማችሁም፣ እናንተ የምትገቡለት ቃል ላይ ተጠንቀቁ። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው «ቅዳሜ ጨዋታህን መጥቼ አያለሁ» ማለት ይቀለዋል፤ ቅዳሜ ሲደርስ ፈረቃ ይመጣበታል። ልጁ «ምንም አይደል» ይላል። ምንም ነው! ሦስት ጊዜ «ምንም አይደል» ያለ ልጅ አራተኛውን አይጠብቅም። መምጣት ካልቻላችሁ አትበሉ። ይልቅ «ማታ ስገባ ቀስቅሼህ አምስት ደቂቃ ስለ ጨዋታው ትነግረኛለህ» በሉት፤ ከዚያ በድካምም ቢሆን ቀስቅሱት። የተጠበቀች ትንሽ ቃል ከፈረሰች ትልቅ ቃል ትበልጣለች።

«ይሄ ሁሉ ባሸነፉ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ሲሸነፉስ?» የሚል ይኖራል። ደ ላ ሳልም ተሸንፏል፤ የተሸነፈበትም ጊዜ እጅግ ከባድ ነበር። ከ2003ቱ ውድድር ማግስት ላዱሰርን የልብ ሕመም ጣላቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2004 ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ጥቂት ቀናት የቀሩት አንድ ተጫዋቻቸው ሪችመንድ ከተማ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ልጆቹ ጓደኛቸውን ቀብረው ብዙም ሳይቆዩ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 4 ቀን 2004 ሲያትል ላይ በቤልቪው ትምህርት ቤት 39 ለ 20 ተሸነፉ። የ151 ጨዋታው ሰንሰለት እዚያ ተበጠሰ። ዓለም ሁሉ ቁጥሩን ሲቆጥር ስለነበር «አበቃላቸው» ለማለት ቀላል ነበር። ላዱሰር ግን ከዚያ ዓመት በኋላ እንኳ ስምንት የውድድር ዘመን አሠለጠኑ።

ይህን ልብ በሉልኝ። ያን ቀን ከተሸነፉት ልጆች ውስጥ ካርዱ ላይ «እናሸንፋለን» ብሎ የጻፈ ቢኖር ቃሉ በተጋጣሚው እጅ ነበር። «መጀመሪያ የምረግጣትን እርምጃ አስተካክላለሁ» ያለ ግን ቃሉ በራሱ እጅ ነው፤ ተሸንፎም ሊፈጽመው ይችላል። ከልጅ ላይ ድልን ቃል የምታስገቡ ወላጆች፣ «አንደኛ ትወጣለህ አይደል?» የምትሉ፣ የማይችለውን ነው የምታስምሉት። አንደኛ መውጣቱ የሌሎቹም ጉዳይ ነው። «በየቀኑ ሒሳብ ስንት ጥያቄ ትሠራለህ?» በሉት፤ ያ የእሱ ነው። ፈተና ወድቆ ቤት የመጣን ልጅ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፤ «ያልከውን አድርገህ ነበር?» አድርጎ ከሆነ አቅፉት፣ ከዚያ አብራችሁ ሌላ ዘዴ ፈልጉ። ካላደረገም የምትነጋገሩበት ነገር አገኛችሁ፤ የምትነጋገሩት ስለ ውጤቱ ሳይሆን ስለ ራሱ ነው።

«የኛ ልጅ ያለ ዱላ አይሰማም» የሚሉትን አውቃለሁ። በዱላ የሚሰማ ልጅ ዱላው እስካለ ድረስ ነው የሚሰማው። ዱላ የያዘው ሰው ዘለዓለም አይኖርም፤ ጓደኛ ግን የትም ይገኛል፣ ልጁ ቃል መስጠት ከለመደ በሄደበት ሁሉ ዋስ የሚሆነውን ያገኛል። ልጃገረዶችንም አትርሱ። ለወንዱ ኳስና ሜዳ፣ ለእሷ ምጣድና ዝምታ የምንሰጥበት ቤት ገና ብዙ ነው። ቃሏን የሚጠይቃት ያገኘች ልጅ እንቢ ማለትም ትማራለች፤ «ይህን አደርጋለሁ» ማለት የቻለች «ይህን አላደርግም» ለማለት አንደበት አታጣም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጀምሩ። ከደብተር ወረቀት ቀድዳችሁ ለልጁ ስጡት፤ ሦስት መስመር ይጻፍ፣ አንዱን ለትምህርት፣ አንዱን ለቤት ውስጥ ሥራ፣ አንዱን እሱ ለሚወደው ነገር። አታርሙበት፤ ግቡ ያነሰ ቢመስላችሁም የሱ ነው። ለእህቱ ወይም ለጓደኛው ይስጥ፤ እናንተ አትቀበሉት። እሑድ ማታ ራት ላይ ይነበብ። ያልተፈጸመ ካለ ጩኸት አይኑር፣ ለጎረቤት ወሬ አይሁን፣ ያለፈው ዓመት ጥፋት አይነሳበት። «ምን ከለከለህ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱ ይደመጥ፤ የሚቀጥለውን ሳምንት ደግሞ እንደገና ራሱ ይጻፍ። እናንተም አብራችሁ ጻፉና ወረቀታችሁን ለልጁ ስጡት። ሲጋራ ልታቆሙ ቢሆን፣ ለእናታችሁ ስልክ ልትደውሉ ቢሆን፣ ማታ ስልካችሁን ልታስቀምጡ ቢሆን ይወቀው። እሑድ ሲጠይቃችሁ «አንተ ደግሞ!» አትበሉት። ካደረጋችሁት አድርጌያለሁ በሉ፤ ካላደረጋችሁት አላደረግሁም በሉና በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ መስመር ላይ መልሳችሁ ጻፉት።